የእማማ ዓለምሸት መርከብ

አስረስ ሦስት ሰው እንደጫነ ባጃጁን ሚዛን ከተማ፣ ገበያው ጥግ ላይ አቆመ። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ጎደሬ ከሚሸጡ አንዲት እናት ፊት ቁጢጥ ብሎ ስልኩን ዘረጋላቸው። ተሳፋሪዎቹ ሲያጉረመርሙ «ሁለት ደቂቃ ብቻ፤ መርከባቸውን ላሳያቸው» አለ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ይህን የሚጽፈው ኢሳይያስ ነበር። ሴትዮዋን፣ እማማ ዓለምሸትን፣ ከቤተ ክርስቲያን ያውቃቸዋል፤ መርከብ እንዳላቸው ግን አያውቅም። እሱም ወረደ።

የእማማ ዓለምሸት ልጅ ጌታሁን መርከበኛ ሆኖ ከሄደ ዓመት ከሁለት ወር አልፎታል። የእርሳቸው ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ አያውቅም። ስለዚህ ጎረቤታቸው አስረስ መርከቧ የደረሰችበትን በየቀኑ ያሳያቸዋል፤ በሰማያዊው ባሕር ላይ የምትታይ የጎመን ዘር የምታህል አረንጓዴ ምልክት ናት። ርዝመቷ ዘጠና ሜትር፣ ወርዷ ዐሥራ አራት፣ የምትሸከመው አራት ሺህ ቶን። እማማ ይህን ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል። ርዝመቷንማ ከጎደሬ መደባቸው እስከ ባጃጅ ተራው ድረስ በእርምጃ ለክተውታል። «ልጄ ከዚህ እስከዚያ ነው የሚመላለሰው» ይላሉ።

«የደረቅ ጭነት መርከብ» መባሏን ሲሰሙ መጀመሪያ ጀንፈል የምትጭን መስሏቸው ነበር። እዚህ አገር ከነገለፈቱ ደርቆ የሚጫነው ቡና ነዋ! አስረስ ስንዴ ነው ብሎ ቢያስረዳቸውም «ያው ነው፤ ከረጠበ ይሻግታል» ብለው ዝናብ እንዳይነካት ሲጸልዩ ከረሙ።

«እማማ፣ መርከብ እኮ ውሃ ላይ ነው የምትሄደው!» ይላቸዋል እየሳቀ።

«እሱ ከታች ነው። እኔ የምለው ከላይ ነው፤ አንተ ሞኝ!»

ያን ዕለት ምልክቷ ወደቡ ላይ ቆማለች። ፍጥነቷ ዜሮ ይላል። ስድስት ቀኗ ነው።

«ምን ሆና ነው? ተበላሸች እንዴ?»

«አልተበላሸችም። ጌታሁን ጽፎልኛል። ወደቡ ላይ ዝናቡ አላባራ አለ፤ እየዘነበ የጭነቱ ክዳን አይከፈትም። ስንዴው ካልተራገፈ ደግሞ አገር ቤት የሚመጣበት ፈቃድ አይሰጡትም። እንዲህ ከቀጠለ ለፋሲካ መድረሱን እንጃ።»

እማማ ዓለምሸት ነጠላቸውን አጠባበቁ። አስረስንም ቀና ብለው አዩት።

«አላልኩህም?»

«ብለውኛል፣ እማማ።» አሁን አልሳቀም።

ከባጃጁ ውስጥ «ኧረ ሹፌር፣ እንሂድ!» የሚል ድምፅ መጣ። እርሳቸው ግን ወደ ኢሳይያስ ዞሩ።

«ወንድሜ፣ እሑድ እሑድ የጸሎት ርዕስ የምትጽፈው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ።»

«ቡናው እንዲያብብ ዝናብ እንለምናለን፤ መልካም ነው፣ እኔም አሜን እላለሁ። ግን እባክህ፣ ‹ዝናብ› ብለህ ብቻ እንዳትተወው። ‹ለሚዛንና ለቴፒ› ብለህ ጻፍልኝ።»