አረቄው ከወንድሜ ሲወጣ

የንስሐ አባታችን ወንድሜን አረቄ እንዳይቀምስ ገዘቱት። እሱ ደግሞ ግዝት ይፈራል፤ ከዓረብ አገር ከተመለሰ ጀምሮ እንደ ውሃ ሲጠጣው የኖረውን አረቄ ባንድ ጀምበር እርግፍ አድርጎ ተወው። እኔም እልል አልኩ። ምን አውቄ! ብዙም ሳይቆይ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ፣ ላቡ ይንዠቀዠቅ፣ ከማይታይ ነገር ጋር ይታገል ጀመር። ጋኔን ነው ብለን በመጫኛ ጠፍረን፣ በባጃጅ ጭነን ሰቆጣ ሐኪም ቤት አደረስነው።

ነርሷ ገና ልጅ ናት፣ ለአገሩም እንግዳ። መጀመሪያ ያለችው «ፍቱት» ነው።

«አንቺ ልጅ፣ አብዷል እኮ! ይገድልሻል!» ብዬ ጮህኩባት።

ራሷ ፈታችው። «አረቄ የለመደ ገላ በአንዴ ሲቋረጥበት እንዲህ ያደርጋል። በመድኃኒት ቀስ እያልን ካላሳለፍነው አእምሮው ላይመለስ ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል» አለችኝ። የሚያረጋጋ መርፌ ወጋችው፣ ቫይታሚንና ጉሉኮስ ሰቀለችለት። አተነፋፈሱን ሳታይ መርፌውን አትደግምለትም።

እሱ አማርኛው ጠፍቶበት በኽምጣኛ «ጉንዳን ወረረኝ» ይላል። እሷ ኽምጣኛ ስለማታውቅ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ።

«ጉንዳኑ ለእኔ አይታየኝም፣ አንተ ግን እንደፈራህ አውቃለሁ፣ አጠገብህ ነኝ ይበሉልኝ» አለችኝ።

እኔ ደግሞ «የምን ጉንዳን ነው፣ አታፍርም!» አልኩት።

ቋንቋውን ባትሰማም ፊቴን አይታ «እትዬ፣ እንደሱ አላልኩም» አለችኝ።

ወይ ጉድ! አፍሬ ያለችውን ቃል በቃል ነገርኩት። ክንዱን መቧጨር ተወ። ጉንዳኑ በመጣበት ቁጥር ያንኑ ትለዋለች፤ አንድም ጊዜ ድምጿ ከፍ አላለም። የእናቱ ልጅ እኔ ነኝ፣ ትዕግሥቱ ግን የእሷ ነው። እግዚኦ፣ እንዲህ ያለም ሰው ፈጥረሃል እያልኩ አፌን ከፍቼ አያታለሁ።

ላቡ እየደረቀ፣ መድኃኒቱም እየተቀነሰ ሄደ። አንድ ረፋድ ዓይኑን ገልጦ አወቀኝ። ተደፍቼ መሬቱን ሳምኩ።

እሱ ዙሪያውን ቃኘና «እታለም፣ እናታችን ሞታለች አይደል?» አለኝ።

ቀብሯ ላይ ሰክሮ ነው የቆመው፤ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣውም ነበር።

«አዎ፣ ሞታለች» አልኩት።

ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ላባብለው ስል ነርሷ እጄን ያዝ አድርጋ «ይተዉት፣ ያልቅስ» አለችኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ አጠገቡ ተቀመጥኩና እናታችንን አብረን አለቀስናት።