ባለ መነጽሯና የተኛው ሣጥን

ስለ ባለ መነጽሯ ልጽፍ ነው። ጽሑፍ ላይ ብዙም አይደለሁም፣ ስሳሳት እለፉኝ። እኔ የምትሠራበትን ክፍል የማጸዳ ነኝ። እሷ ደግሞ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ የሚጠብቅ ትንሽ ሣጥን የምትሠራ መሐንዲስ ናት። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ሁለት ታናናሾቿን የምታሳድገው እሷው ናት። ቆማ ትበላለች፣ ከማሽን ጋር ታወራለች። እኔን «እትዬ» ትለኛለች፤ ወለሉን ስወለውል ወንበሯን ራሷ ታነሳልኛለች።

ሣጥኑ ባትሪ እንዳይጨርስ ይተኛል። በአንዱ ሽቦ ኮምፒውተሯ፣ በሌላው የሙቀት መለኪያው ተያይዘውበታል። ሙቀት ሲጨምር መለኪያው በሽቦው መልእክት ይልካል፣ ሣጥኑም ነቅቶ ይጮኻል። ዓመት ሙሉ ስታስተኛው ስትቀሰቅሰው አይቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብሏት አያውቅም።

ያን ቀን ጠዋት የክሊኒኮቹ መድኃኒት ኃላፊ ከአለቃችን ጋር መጡ። ከወደዱት አሥራ ሁለት ሣጥን ይወስዳሉ። ካልወደዱት ግን አለቃችን እንደሚያሰናብታት ነግሯታል። እኔ ሥራዬን ጨርሼ በር ላይ ነበርኩ። ልውጣ ብል እግሬ እምቢ አለኝ።

ሣጥኑን አስተኛችው። ኃላፊው መለኪያውን ሙቅ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ነከሩት። ጠበቅን። ጭጭ።

«ተኝቷል ወይስ ሞቷል?» አሉ።

ፊቷ አመድ መሰለ። ሮጣ ኪቦርዷን አንዴ ነካ ብታደርገው ሣጥኑ ወዲያው ነቅቶ ጮኸ።

«እሰይ! እንግዲህ ማቀዝቀዣው አጠገብ አልጋ እናነጥፍልሻለና» አሉ ኃላፊው። አለቃችን ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

እሷ ስክሪኑ ላይ ደርቃ ቀረች።

«እትዬ፣ ጉድ ሆንኩ!» አለችኝ፣ ያ ሁሉ ሰው እያለ ለእኔ። «የመቀስቀስ ፈቃዱን የሰጠሁት ለኮምፒውተሬ ሽቦ ብቻ ነው! መለኪያውን ስሞክር ሁልጊዜ አስቀድሜ ሣጥኑን በገዛ ጣቴ እየቀሰቀስኩት ነበር።»

ክው አልኩ። ዓመት ሙሉ! ያ መለኪያ ስንቴ ተጣርቶ ይሆን?

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሣጥኑ ጤነኛ ነው» አለች ወደ ኃላፊው ዞራ። አለቃችን ዓይኑን አጉረጠረጠባት፤ እኛ ቤት ጥፋት በእንግዳ ፊት አይነገርም። እሷ ግን ለመለኪያውም ፈቃዱን የሚሰጥ አንድ መስመር ጻፈች፣ ሣጥኑን አስተኛች፣ የኮምፒውተሯን ሽቦ ነቀለች። ከዚያ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ እኔ አጠገብ መጥታ ቆመች። ትንፋሿ ይሰማኛል። ኃላፊው አውጥተው ያቀዘቀዙትን መለኪያ ደግመው ነከሩት።

ሣጥኑ ሲጮኽ ብርጭቆው ከእጃቸው አምልጦ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

«ኧረ በሕግ አምላክ!» አሉ ልብሳቸውን እያራገፉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩና፣ «አሥራ ሁለት አልወስድም። አንዱን ስጪኝና ወር ልሞክረው። አንቺ ግን አጠገቡ እንዳትደርሺ!»

«እሺ ጋሼ።»

አለቃችን «ነገ በጊዜ ግቢ» ብሏት ወጣ። አላሰናበታትም ማለት ነው፣ ለጊዜው።

ስብርባሪውን ልትለቅም አብራኝ በርከክ አለች።

«ተዪው ልጄ፣ ይቆርጥሻል።»

«እትዬ፣ ሌላስ ያልፈቀድኩለት ይኖር ይሆን?» አለችኝ።

መጥረጊያውን አቀበልኳት።