በጋራዡ ግቢ የወደቀው መርፌ

ሰመራ ላይ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ቀንም ሌሊትም አይደለም። ሙቀቱ ከተማውን ሁሉ ያስተኛዋል። እኔ ከደጋ ለማስተማር የመጣሁ ሰው ነኝና በመጀመሪያዎቹ ወራት ያንን እንቅልፍ ስንፍና ነው እያልኩ እነጫነጭ ነበር። በኋላ ለመድኩት። መጋረጃው ላይ ውሃ አርከፍክፌ ሲሚንቶው ላይ እጋደማለሁ። ግማሽ ነቅቼ ግማሽ ተኝቼ፣ አስፋልቱ ከርቀት ውሃ መስሎ ሲንቀጠቀጥ፣ የጅቡቲ መኪኖችም በውሃው ላይ ሲንሳፈፉ በመስኮት አያለሁ።

ባሌ ሎጊያ ውስጥ መካኒክ ነው። ጋራዡ ያለው ከአንድ ክሊኒክ ጀርባ ነው። ክሊኒኩ ቆሻሻውን ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ያቃጥላል፤ እሳቱ ግን ሳይጨርሰው ነፋሱ ይበትነዋል። የግሉኮስ ከረጢት፣ ጓንት፣ ደም የነካው ጥጥ የጋራዡ አጥር ላይ ይለጠፋል። መካኒኮቹ ደግሞ ከቆሻሻው ውስጥ ትልልቆቹን ሲሪንጆች ይወዷቸዋል። የፍሬን ዘይት ሳያፈሱ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የሚያስገቡት በነሱ ነው። መርፌውን ነቅለው መሬት ይጥሉና ሲሪንጁን በናፍጣ አጥበው ያስቀምጣሉ። ናፍጣ የማይገድለው ነገር የለም ብለው ያምናሉ። ተዉ ብዬ ስቆጣ ባሌ ይስቃል፤ አስተማሪ ያገባ ሰው ቤት ገብቶም ከክፍል አይወጣም ይለኛል።

ወተት የምታመጣልን አንዲት አፋር ሴት ነበረች፣ በዕድሜ እኩያዬ። ጠዋት ለጋራዡ ሰዎች ታድልና ከሰዓት ወደ እኛ ትመጣለች። የግመል ወተቱ ከጀሪካኑ ከመቀዳቱ በፊት ዳጉ አለ። ዳጉ አፋሮች ሲገናኙ የሚለዋወጡት ዜና ነው፤ አንዱ ያየውን የሰማውን ሳያስቀር ይናገራል፣ ሰሚውም በተራው የራሱን ይሰጣል። ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ሰላም ነው ይባላል። ከዚያ ዝናቡ፣ ሳሩ፣ ከብቱ ይወራል። ክፉው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ለችኩል ሰው ስቃይ ነው፣ እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ።

አንድ ከሰዓት በዚያ እንቅልፍ ውስጥ ሳለሁ ድምጿ መጣ። ሰላም ነው አለች። አፋምቦ በኩል ዘንቧል፣ ፍየሎቹ ደህና ናቸው። ዓይኔን ሳልገልጥ እሺ፣ እሺ እላለሁ፤ ፍየሎቹም በመጋረጃዬ ላይ ቀስ ብለው ያልፋሉ። በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ፣ ትናንት በጋራዡ ግቢ መርፌ ጫማዋን በስቶ እግሯን እንደወጋት፣ ባሌ በፒንሳ እንደነቀለላት፣ ሲነቅልም የራሱን ጣት እንደጫረው ነገረችኝ።

ብድግ አልኩ። ባሌ ትናንት እራቱን በልቶ ስቆ ነው የተኛው፤ ትንፍሽ አላለም።

“ለምን አልነገረኝም?” አልኳት።

“ደገኛ አይደል” አለች። “ዜና ይደብቃል።”

የኤችአይቪ መከላከያው በሦስት ቀን ውስጥ ካልተጀመረ እንደማይጠቅም አውቅ ነበር። እጇን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ገባን፣ ባሌንም ከመኪና ሥር አስወጣሁት። ሆስፒታሉ በር ላይ የምታውቀው ሽማግሌ አገኘችና ቆማ ዳጉ ጀመረች። እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። እሷ እቴ፣ ከሰላም ጀምራ እስከ መርፌው ሳትዘልል ጨረሰች።

የሁለቱም ደም ንጹህ ሆነ። ኪኒን ተሰጣቸው፣ በመርፌ የሚተላለፈው የጉበት በሽታ ክትባት ግን አልቋል ተባለ። ከወራት በኋላ እንደገና ተመርመሩ አሉን።

እነዚያ ወራት እንዴት እንዳለፉ በደንብ አላስታውስም። ባሌ የውሃ ብርጭቆውን ለየ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ መተኛት ጀመረ። ከሰዓት ስጋደም ነጫጭ ከረጢቶች ከአሳይታ መንገድ ተነስተው ወደ ጣሪያችን ሲበሩ አያለሁ፤ ሕልም ይሁን እውን አልለየውም። እንዳላጣው ፈርቼ ነበር። ሴትዮዋ ኪኒኑ እያቅለሸለሻትም ወተቷን አላስቀረችም።

የውጤቱ ቀን ባሌ ቀድሞ ወጣ። ንጹህ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ በነጠላዬ ጫፍ አለቀስኩ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እሷ ዘግይታ ወጣችና አጠገባችን ተቀመጠች።

“ምን አሉሽ?” አላት ባሌ።

ሰላም ነው አለች። ዝናቡ መልካም ነው። ትልቋ ግመሏ ወልዳለች፣ ወተቱ በዝቷል። የወንድሟ ልጅ ልታገባ ነው። ደስታዬ በአፌ ውስጥ እየመረረ ሄደ፣ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ የሚመጣው ምን እንደሆነ ገባኝ።

“አልሐምዱሊላህ” አለች፤ “ያኛው በሽታ የለም። የጉበቱ ግን ገብቷል አሉኝ።”

ባሌ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ ተራው መሆኑን አውቆ እንደ እሷ ጀመረ። ሰላም ነው አለ። ጋራዡ ደህና ነው፣ ሥራ አለ። ሙቀቱ ሊበርድ ነው።

“መርፌውን ከሲሪንጁ ነቅዬ መሬት የጣልኩት እኔ ነኝ” አለ። “ያኔም አውቄዋለሁ። ለሚስቴ ያልነገርኳት ለዚህ ነው።”

እሷ ዓይኗን ከፊቱ ላይ አላነሳችም።

“ሌላስ?” አለችው፣ ዜና የሚሰማ ሰው እንደሚጠይቀው።

“ሌላ የለኝም” አለ።