ነሐሴ ላይ የጠራ ውኃ

በአብዮቱ ዘመን ያሰሩኝ ጣና ሐይቅ ዳር ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ እነሱም የሚያውቁት አይመስለኝም። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው የተቀመጡ ሽማግሌ ነው። ከሐይቁ ደሴት ተይዘው የመጡ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ማዕበሉ ከግድግዳው ማዶ ይሰማል፤ መስኮት ግን የለም።

"ጣና ላይ ተወልጄ፣ ጣናን ዳግም ሳላይ እንዳልሞት ብቻ" ይላሉ። ሌላ ነገር ሲመኙ አልሰማሁም።

የእስር ቤት ትዝታ የሚጽፍ ሰው ማስለቀስ አለበት ይባላል። እኔን ትዝ የሚለኝ ግን የሳቅንበት ቀን ነው።

ነሐሴ ነበር። ጠባቂያችን ከዚያ ሥራ የሚያወጣው የእንግሊዝኛ ፈተና ደርሶበታል። አስተማሪ መሆኔን ስለሚያውቅ፣ ስለ ጣና የጻፈውን ድርሰትና ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ገባ።

"እስቲ አርምልኝ፣ መምህር።"

ድርሰቱ የሚጀምረው የጣና ውኃ "ክሪስታል ክሊር" ነው ብሎ ነው፤ እንደ መስታወት የጠራ ማለቱ ነው። ተማሪዎቼም ይቺን ሐረግ ይወዷታል። ወንዙም፣ ሰማዩም፣ የአብዮቱ ዓላማም ክሪስታል ክሊር ነው።

"ሐረጓ ደህና ናት፣ ጓድ። ነሐሴ ላይ ግን ውሸት ናት" አልሁት።

"መጽሐፉ ላይ እንዲህ ነው ያለው!"

የኔታ ከግድግዳው ዞር አሉ። "የሰው ቃል ተሸክመህ መጣህ? ቅኔ ቤት ብትሆን እስኪመሽ ይሳቅብህ ነበር።"

"ታዲያ ምን ልበል፣ የኔታ?"

"አይተህ በል።"

"በብርጭቆ ቀድቼ ላምጣዋ።"

"ሐይቅ በብርጭቆ አይታይም፣ ልጄ።"

ጠባቂው አንዴ በሩን፣ አንዴ እኛን አየ። "ብታመልጡ የምሞተው እኔ ነኝ!"

"በዚህ ጉልበቴ? መቆሙንም እንጃ" አሉና ክንዴን ይዘው ተነሡ።

አወጣን። ውኃው ዓይን እስከሚደርስበት ቡናማ ነበር።

"ደፍርሷል እኮ!" አለ ጠባቂው፣ ዕድሜ ልኩን እዚያው ዳር እንዳልኖረ።

"የፎገራን ሜዳ አፈር ተሸክሞ ነው የመጣ" አሉ የኔታ። " እንደሱ ብለህ ጻፍ።"

ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጻፈ። የኔታ እግራቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው እንደ ሕፃን ይስቃሉ፤ እኛም አብረን እንስቃለን።

"በሉ ግቡ!"

"ቆይ፣ አልተሰናበትሁትም።"

የኔታ ጎንበስ ብለው ለሐይቁ እጅ ነሡ። ጠመንጃ የያዘው ሰው ቆሞ ጠበቃቸው።

ቀይ እስክሪብቶውን ተቀብዬ ዘጠኝ ከአሥር ሰጠሁት።

"አንዷስ የት ሄደች?"

"ነገም ስታወጣን ትሞላለች።"

በማግስቱም አወጣን። ፈተናውን አልፎ ሲሄድ አዘንን፤ የተተካው ድርሰት የሚጽፍ ዓይነት አልነበረም።

አሁን በክረምት ባሕር ዳር ስሄድ፣ የሆቴሎቹ ማስታወቂያ ስለ ጠራው ውኃ ያወራል። በልቤ አንድ ነጥብ እቀንስበታለሁ። ከዚያ ወደ ድፍርሱ ሐይቅ ዞሬ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።