የእማማ ከድጃ ጭስ ማውጫ

በኢሕአዴግ ጊዜ ወልቂጤ ላይ የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ባለሙያ ተብዬ እሠራ ነበር። ጉንችሬ አጠገብ እማማ ከድጃ በሚባሉ ሴትዮ ሣር ክዳን ቤት ውስጥ አንድ ምድጃ ሠራሁና የጭስ ማውጫ ቱቦውን በግድግዳው አሳልፌ ውጭ አቆምኩት።

"እንጨቱ ደረቅና ፍልጥ ይሁን፤ ብዙ አይጨምሩበት፤ ጥላሸቱንም በየሳምንቱ ይጥረጉ" ብዬ አስተማርኳቸው።

"እሺ ልጄ፣ አላህ ጀዛህን ይክፈልህ" አሉኝ።

ከሁለት ወር በኋላ አለቃዬን ላስጎበኝ ይዤው ሄድኩ። እድገቴ በዚያች ምድጃ ላይ ተንጠልጥሏል። ቱቦው ከውጭ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ውስጥ ምሳ እየተሠራ ነው፤ ከቱቦው አናት ግን ጭስ የሚባል ነገር አይወጣም።

"ጭሱንም አቃጥሎ ጨርሶታል ማለት ነው!" አለ አለቃዬ። ደረቴን ነፋሁ።

ገባን። መግባታችንን አወቅን እንጂ የት እንደገባን አላየንም። አለቃዬ እያሳለ የቤቱን ምሰሶ ጨበጠና "እንደምን ዋሉ እማማ" አለው።

"እማማ ከድጃ፣ ቱቦው ምን ሆነ?" አልኩ እንባዬን እየጠረግኩ።

"ምንም አልሆነ። ከውስጥ በኩል ቆርጬ ወደ ጣራው አዞርኩት። ምድጃህ እንጨት አይፈጅም፣ ወድጄዋለሁ። ግን ጣራዬ ጭስ ካላገኘ ምስጥ ይጨርሰዋል። ሣሩን መጥተህ አንተ ትከድንልኛለህ?"

"ታዲያ ውጭ የቆመውስ?"

"እሱማ የእናንተ ነው" አሉ። "መጥታችሁ ስታጡት እንዳይከፋችሁ ብዬ ነው ያቆምኩት።"