የማዋለጃው ክፍል ጩኸት

እቴቴ የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ሹመት ፈልጋ አይደለም። የቀድሞዋ ኃላፊ ጡረታ ስትወጣ ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ አንዷ ልጄ ገና ጡት አልጣለም አለች፣ ሌላዋ ኩላሊቴን ያመኛል አለች፣ እሷ ሰበብ እስክታገኝ ድረስ ቁልፉ እጇ ገባ። "እቴቴ" የወጣላት ስም ነው። ከብዙዎቹ አዋላጆች በዕድሜ ስለምትበልጥና ረጋ ብላ ስለምትናገር እንደ ታላቅ እህት ያዩዋት ነበር፤ እያደር ዋና ሐኪሙ ሳይቀር እንዲሁ ይጠራት ጀመር።

ክፍሉ አራት አልጋ አለው። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ብቻ ነው። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቶም ያንጠባጥባል። በአልጋና በአልጋ መካከል የነበረው መጋረጃ ከቀለበቱ ተቦጭቆ ስለቀረ፣ አንዷ ስታምጥ ሌላዋ እያየች ሐሞቷ ይፈስሳል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ጩኸቱ ነበር። የወላዶቹን ማለት አይደለም፤ ምጥ መቼም ያስጮሃል። የአዋላጆቹን ነው። "ዝም በይ!" "እግርሽን ክፈቺ ስልሽ!" "ያኔ ያልጮህሽ ዛሬ ምን አስጮኸሽ?" አንዳንዴም ጭኗ ላይ ጠፍ ያደርጓታል። ይህን ክፋት ነው ብሎ የሚያስብ አልነበረም። እያንዳንዷ ከእሷ በፊት ከገባችው አይታ የተማረችው የሥራው ወግ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የበሩ ጥበቃ እያለከለከ መጣ።

"እቴቴ፣ ቶሎ ይድረሱ! አንዲት ሴት ታክሲ ውስጥ ልትወልድ ነው። አልወርድም ብላ ድርቅ ብላለች!"

ሴትየዋ የፊተኛውን ወንበር አንቃ ይዛለች። ሾፌሩ ፊቱን አዙሮ ራቅ ብሎ ቆሟል።

"ነይ የኔ እህት፣ አልጋው ተዘጋጅቷል" አለቻት እቴቴ።

"አልገባም!" አለች ሴትየዋ ጥርሷን ነክሳ። "እህቴን ሰድባችሁ፣ መታችሁ ነው የላካችኋት። እዚያ ከምገባ እዚሁ ልሙት።"

ለክርክር ጊዜ አልነበረም። ጥበቃው ካፖርቱን አውልቆ እንደ ግድግዳ ዘረጋላቸው፤ እቴቴ ታክሲው ወለል ላይ ተንበርክካ ሕፃኗን ተቀበለች። እናትም ልጅም ደህና ሆኑ። እናትየዋ ግን ልጇን ታቅፋም ቢሆን ለመውረድ እያመነታች አንድ ጊዜ የሆስፒታሉን በር፣ አንድ ጊዜ እቴቴን ታይ ነበር። የወረደችው እቴቴ "ከጎንሽ ንቅንቅ አልልም" ብላ ከማለችላት በኋላ ነው።

የእቴቴ ባለቤት ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናው የሚቀመጠው እሳሎናቸው ጥግ ነው። ያን ቀን ስትገባ ቀሚሷ ጉልበቱ ላይ ደም ነክቶት አየና ክሩን እንደያዘ ብድግ አለ።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም አልሆንኩ። ሰው ከሞት ይልቅ እኛን ፈራ" አለችውና እንደ ደከማት ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች።

በሳምንቱ አዋላጆቹን ሰብስባ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። የተወሰኑት መሬት መሬት አዩ። ከመካከላቸው በዕድሜ እሷን የምታክል አንዲት ብቻ ነበረች፤ ድምፅዋ ከአገር አገር ስለሚሰማ "ጄኔራሏ" ይሏታል። ከእቴቴ ጋር አብረው ተምረዋል፣ አብረው ተቀጥረዋል፣ ሲጣሉም ሲታረቁም ኖረዋል።

"ስለ ክብር ሥልጠና ወስደናል እኮ" አለች ጄኔራሏ። "ሻይ ጠጣን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ቲሸርት ተሰጠን። ቲሸርቱን እንኳ ቤት መወልወያ አድርጌው እስካሁን እየጠቀመኝ ነው።"

ሳቁ ሲበርድ ደግሞ ኮስተር አለች። "ስንት ነን? ስድስት። ስንት ይመጣል? የከተማው ሰው ሁሉ። አንዷ ልጇ ታፍኖ እግሯን ስትገጥም እየተለማመጥኳት ልቁም? እኔ ጮኼ ያዳንኳቸው ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ድምፅሽን ቀንሺ ስትዪኝ እጅሽን ቁረጪ እንደማለት ነው።"

ነገሩ እውነትነት ስላለው እቴቴን ከበዳት። በአዳራሽ ንግግር የሚለወጥ ነገር እንደሌለ ግን ያን ቀን ገባት። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ነገር ለመነቻቸው። የምትገባዋን ሴት ስሟን ጠይቁ፣ የራሳችሁንም ንገሯት። ከመንካታችሁ በፊት ልነካሽ ነው በሏት። ከሁሉ ያከራከረው የመጨረሻው ነበር። "የአንዳችን ድምፅ ከፍ ሲል የሰማች መጥታ ትከሻዋን ትንካት። የተነካችው ትውጣ፣ የነካችው አልጋውን ትረከብ። ወቀሳ የለም፣ ለአለቃ መናገር የለም፣ በኋላም ማንሳት የለም።"

"እኔን ማን ነው ደፍሮ የሚነካኝ?" አለች ጄኔራሏ።

ወላዷ እናቷን ወይም እህቷን ይዛ እንድትገባ ለማስፈቀድ ደግሞ ዋና ሐኪሙ ቢሮ ተመላለሰች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲያናግራት ትሕትና አይጎድለውም፣ እሺታ እንጂ።

"እቴቴ፣ እኔም ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን ክፍሉ ገበያ ይሆንብዎታል።"

"አንድ አልጋ ብቻ ይስጡኝ ዶክተር። በሩ አጠገብ ያለውን። ገበያ ከሆነ እኔው ራሴ እዘጋዋለሁ።"

ሰጣት። ባለቤቷ አሮጌ አንሶላዎች ገጣጥሞ መጋረጃ ሰፋላት። እያጉረመረመ ነበር የሰፋው፤ "እኔ ያገባሁት አንቺን ነው ወይስ ሆስፒታሉን?" እያለ። ስፌቱ ግን ጥንቅቅ ያለ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ውጤት አልነበራቸውም ቢባል ይቀላል። አንዲት አማት ደም አይታ ተዝለፍልፋ ወደቀችና እሷን ማስታመም ተጨማሪ ሥራ ሆነ። አንዲት እናት ደግሞ ከምታምጠው ልጇ ይልቅ እሷ እየጮኸች ክፍሉን ቀወጠችው። ሁለት አዋላጆች "ይሄ ጣጣ ለኛ አይሆንም" ብለው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩና በእነሱ ቦታ አንዲት ብቻ ተተካች፤ ንፋስ የሚወስዳት የምትመስል፣ ዓይን አፋር፣ "ቀጭኗ" ያሏት ልጅ። እቴቴ ደግሞ ከጀርባዋ "ጻድቋ" ይሏት እንደነበር ሰምታለች። እሱስ ባልከፋ። አንጀቷን ያሳረራት ሌላ ነው። እሷ ስትገባ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ወጥታ ኮሪደሩን ሳትጨርስ የጄኔራሏ ድምፅ ከኋላ ይከተላታል።

"እኔ ቆሜ ስጠብቅ ብቻ የሚሠራ ነገር ምን ይባላል?" አለችው አንድ ቀን ባለቤቷን፣ እግሯን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ።

"ጥበቃ ይባላል" አለ። ሊያስቃት ነበር፤ አልሳቀችም።

ለውጥ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። አንድ ከሰዓት ጄኔራሏ አንዲትን ወላድ ስታንባርቅባት ቀጭኗ ትከሻዋን ነካቻት። ጄኔራሏ ዞር ብላ ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻትና ጓንቷን አውልቃ ወረወረች፤ በሩን ግድግዳው እስኪነቃነቅ ጠርቅማ ወጣች። ቢሆንም ወጣች። ተመልሳ ስትገባም አዲስ ጓንት አጥልቃ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

ከዚያ የእቴቴ ባለቤት ታመመ። ትኩሳቱ አልለቅ ብሎት ሰነበተ፤ እሷ ሌት እሱን ስታገላብጥ ታድራለች፣ ቀን ሥራ ትውላለች። በዚያ ሳምንት አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አራቱም አልጋ ሞልቶ አንዲት ሴት ኮሪደር ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት ነበር። በሩ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ የተኛችው ልጅ ስትወልድ የመጀመሪያዋ ነው። እናቷ ራስጌዋ ቆመው ላቧን ይጠርጉላታል። የጽንሱ የልብ ምት መቀነስ ጀመረ። እቴቴ "አምጪ" ስትላት ልጅቷ ጉልበቷን ገጥማ "አልችልም፣ ተዉኝ" ትላለች። አንዴ ነገረቻት፣ ደጋግማ ለመነቻት።

በኋላ ስታስበው ቃሉ ከየት እንደወጣ አታውቅም።

"ክፈቺ! ልጅሽን ልትገዪው ነው! ያኔ ያልጮህሽ ዛሬ ምን አስጮኸሽ?" ብላ ጭኗን በጥፊ መታቻት። ጓንት ያለበት እጅ ያረፈበት ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ ተሰማ።

የልጅቷ እናት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የእቴቴ ትከሻ ላይ የሆነ ነገር አረፈ፤ ቀላል፣ ልብስ የወደቀባት ያህል።

"እቴቴ" አለች ቀጭኗ በጆሮዋ። "እኔ ልያዝ። እርስዎ አየር ይውሰዱ።"

"ልጁ እየታፈነ ነው፣ አይታይሽም?"

"ታይቶኛል። እኔ ልያዝ።"

እቴቴ ንቅንቅ አላለችም። ያን ጊዜ ጄኔራሏ ከሚቀጥለው አልጋ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ እቴቴ ከእሷ ሰምታው በማታውቀው ዝግ ያለ ድምፅ "ውጪ አንቺ" አለቻት። "እኔስ ስነካ ወጥቼ የለ?"

ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠችና ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያቸው ጀመር። አላለቀሰችም፤ ማልቀስም ጉልበት ይጠይቃል። ከውስጥ የቀጭኗ ድምፅ ይሰማታል፤ "በጎንሽ ዙሪ፣ እሺ? እናትሽን ያዢ። አሁን በኔ ሳይሆን በራስሽ ጊዜ።" ትንሽ ቆይቶ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፤ መጀመሪያ ሰለል ያለ፣ ኋላ ቤቱን የሞላ። እቴቴ ዓይኗን ጨፈነች።

ጄኔራሏ መጥታ አጠገቧ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

"ወንድ ነው። ደህና ነው።" ጓንቷን አወለቀች። "አንቺም ስትነኪ ደስ አላለኝም ብልሽ ዋሽቼሻለሁ። ትንሽ ብሎኛል።"

"ይበልሽ። ይገባኛል።"

"ቁልፉን መልሼ ልሰጣቸው ነው እያልሽ ነው አይደል? ፊትሽ ላይ ይታያል።"

"ምን ብዬ ነው ከእንግዲህ አፌን የምከፍተው?"

"አትክፈቺያ። ማን ክፈቺ አለሽ?" አለች ጄኔራሏ። "ዛሬ ያስወጣንሽ እኮ አንቺ ሳታዢን ነው። አሁን ግን ተነሺና ቤትሽ ሂጂ፤ ሰውየውን አስታሚ። እኔ እሸፍናለሁ።"

እቴቴ ከመሄዷ በፊት ወደ ልጅቷ ገባች። "ይቅርታ አድርጊልኝ። መምታትም መስደብም አልነበረብኝም" አለቻት። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናትየዋ ግን ትክ ብለው አዩዋት።

"ልጄ አንድ ቀን ስለ ዛሬው ለልጇ ትነግረዋለች" አሉ። "ደግነቱ የዚያችን የቀጭኗንም ትነግረዋለች።" ሌላ አልጨመሩም። እቴቴ እጅ ነስታ ወጣች። ይቅርታ አላገኘችም፤ ያለዚያም መኖርን መልመድ ነበረባት።

ባለቤቷ ተሻለው። ዋና ሐኪሙ በሌሎቹም አልጋዎች ዘመድ እንዲገባ ፈቀደ፤ የፈቀደው አምኖበት ይሁን ጥያቄው ሰልችቶት አልታወቀም። በዓመቱ እቴቴ ኃላፊነቱን አስረከበች። ስኳሯ ወጥቶ፣ እግሯ እያበጠ አስቸገራት እንጂ ተሸንፋ አይደለም፤ ተረካቢዋም ጄኔራሏ ሆነች። ጄኔራሏ ዛሬም ትጮሃለች፤ አሁን ግን የምትጮኸው ወላድ ላይ በሚጮኹት ላይ ነው። በክፍሉ ውስጥ አሁንም ክፉ ቀን ይውላል። አሁንም ከስድስት አይበልጡም፣ ቧንቧው አሁንም ያንጠባጥባል፣ የሚደክመው ሰው አሁንም ይደክመዋል።

እቴቴ እንደማንኛዋም አዋላጅ በተራዋ እየገባች ትሠራለች። በቅርቡ ከሌላ ሆስፒታል የተዛወረች አዋላጅ መጣች። በሁለተኛ ቀኗ ድምፅዋ ከፍ ሲል ቀጭኗ ትከሻዋን ነካቻት፤ አዲሷ ተቆጥታ ኮሪደር ላይ ያዘቻት።

"ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው? የማን ሕግ ነው?"

ቀጭኗ አሰበች። ከመጀመሪያው ማን እንዳመጣው የረሳችው ይመስላል፤ ወይም ማንሳቱን አልፈለገችም።

"እንጃ" አለች ትከሻዋን ሰብቃ። "እዚህ እንዲህ ነው የምንሠራው።"

እቴቴ ንጹሕ አንሶላ ታቅፋ በአጠገባቸው እያለፈች ነበር። ሰማች። ቆም ልትል አሰበችና እግሯን ስላመማት ተወችው፤ ሦስተኛው አልጋ ገና አልተነጠፈም፣ በሩ ላይ ደግሞ አንዲት ሴት ወገቧን ይዛ በእህቷ ተደግፋ ትጠብቃለች።