ፉአድ በአደራ የሰጠኝ ስልክ

የማጥቃት ትእዛዝ የመጣው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ከኮረብታው ግርጌ በነበረው ምሽጋችን ውስጥ አሥር ነበርን።

አንድ ልማድ ነበረን። ውጊያ ከመግባታችን በፊት ሁለት ሁለት ሆነን ስልክ እንለዋወጣለን፤ መክፈቻ ቁጥሩንም እንነጋገራለን። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ስልኩን ለቤተሰቡ ያደርሳል። የእኔ ጥንድ ፉአድ ነበር። ድሬ ዳዋ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፤ ሳገባም ሚዜዬ እሱ ነበር። ያን ዕለት ስልኩን ሲሰጠኝ እጄን ቶሎ አልለቀቀም።

«አቦ፣ ለእናቴ ስጥልኝ» አለኝ።

«ራስህ ትሰጣታለህ» አልኩት።

ወጣን። የጠላት ዲሽቃ ከላይ ጥይት አርከፈከፈብን። በደረታችን ተሳብን። ሁለት ሰዓት ላይ ኮረብታውን ያዝን። ፉአድን አናቱ ላይ ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ወድቆ አገኘሁት። በእጃችን ቀበርነው።

ከቀትር በኋላ ፎቶውን ልይ ብዬ ስልኩን ከፈትኩ። ከላይ የነበረው መልእክት የተላከበትን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የሚስቴ የሙና ነው። «ለእሱ እንዳትነግረው። እኔ የምጠብቀው አንተን ነው» ይላል። ከሥሩ የአንድ ዓመት መልእክት ተደርድሯል። ሁሉንም አነበብኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ለሞቱ ይሁን ለክህደቱ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ድሬ ስመለስ ከሙና ጋር ተለያየን። አልጮህኩባትም። እኔ ፊት ለፉአድ ልታለቅስለት እንኳ አልቻለችም፤ ያንን ሳይ አዘንኩላት።

መልእክቶቹን አጥፍቼ ስልኩን ቀፊራ ገበያ ቅመም ለምትሸጠው የፉአድ እናት፣ ለአዴ ፋጡማ ወሰድኩላት። በሻርፗ ጠርጋ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«እንዴት ሞተ ልጄ?»

«ከፊታችን ሆኖ፣ አዴ። ጀግና ነበር።» ይህ እውነት ነው።

«ወላሂ፣ እንዳንተ የሚወደው ሰው አልነበረም» አለችኝ።

እጇን ስሜ ወጣሁ።

ዛሬ ባጃጅ እነዳለሁ። በቀፊራ ሳልፍ ካየችኝ ትጠራኛለች፤ ዘንቢሏን ጭኜ ቤቷ አደርሳታለሁ። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር አስባለሁ። ፉአድ የስልኩን መክፈቻ ቁጥር የነገረኝ መልእክቱን ረስቶት ነው? ወይስ በአፉ መናገር ከብዶት? የምጠይቀው ሰው የለም።

የሰፈር ወጣቶች «ስንት ሰው ሞተባችሁ?» ይሉኛል። አሥር ሆነን ወጣን፤ የወረድነው ስድስት ነን። የሞቱትን በስም እቆጥርላቸዋለሁ። ሦስቱን ቶሎ እላለሁ። አንዳንድ ቀን እዚያው ላይ አቁሜ ሞተር አስነሥቼ እሄዳለሁ። ትንሽ እንደራቅኩ ግን አላስችል ይለኛል፤ ብቻዬን ሆኜ «ፉአድ፣ አራት» እላለሁ።